አምባሰል ሩቅ ሄደ፣ ግጥሙ ቀረ
(አርዲቦ ሐይቅ ዳር በአባላት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ደሴ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ የማሪቱ ለገሰ «አምባሰል» ተከፈተ። አጠገቤ የነበረ ልጅ «የአዲስ አበባ ዘፈን ነው» አለኝ። ሳቅሁ። የኛን ተራራ ስም ይዞ የሚዞር ዜማ እኮ ነው! ከአራቱ ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ አገር ስም ይጠራሉ። ማሪቱ በማሲንቆ ያዜመችውን አገር ሁሉ ሰማው። ሙላቱ አስታጥቄም የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋሕዶ፣ ሥራው በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ።

ደስ ይላል። ግን ይቆጨኛል። እናቴ ወፍጮ ላይ ሆና ትገጥም ነበር፤ መጁ ሲፈጥን ግጥሙም ይፈጥናል። የሞተር ወፍጮ መጣና እጃችን አረፈ፤ ማን ይጠላል! ግጥሙ ግን ከመጁ ጋር ቀረ። እኔ የማስታውሰው ሦስት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከወሩ መዋጮ ለአንድ ድምፅ መቅረጫ ስልክ ይፈቀድልን። ከሐይቁ ማዶ ያሉትን እማማዎች እንቅረጽ፤ የገጣሚዋም ስም አብሮ ይጻፍ፣ ነገ ካሴት ቢሆን «የሕዝብ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ።

ክረምቱ ሳይገባ ብንጀምር ይሻላል። ትልቋ 87 ዓመታቸው ነው።