አዝራሩ ያስታውቅ፣ ገጹ ይወስን



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አዝራር ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የመመዝገቢያ ፕሮግራም በኪውኤምኤል ስጽፍ፣ «መዝግብ» የሚል አዝራር ሠራሁ። ሲነካ ቅጹን ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባውን ትእዛዝ በራሱ በአዝራሩ ፋይል ውስጥ አኖርሁት። ቆይቼ ይህንኑ አዝራር ጽሑፉን ብቻ ለውጬ «ሰርዝ» አልሁት፤ ገጹን የሚዘጋ ትእዛዝም ከውጭ ጨመርሁለት። በኪውኤምኤል ግን ከውጭ የተጨመረው ትእዛዝ የውስጡን አይሽረውም፤ ሁለቱም ይፈጸማሉ። ስለዚህ «ሰርዝ»ን የነካ ሠራተኛ፣ ሊተወው የፈለገውን ቅጽ ሳያውቅ መዝግቦ ይወጣ ነበር።

ኪውኤምኤል በ2010 እ.ኤ.አ. ከኪውት 4.7 ጋር የወጣ፣ ዲክላራቲቭ የምንለው ዓይነት ቋንቋ ነው፤ ገጹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሣል ሳይሆን ምን እንደሚመስል እንጽፍበታለን። በዚህ ቋንቋ «ሬክታንግል» ቅርጽና ቀለም እንጂ ጆሮ የለውም። መነካቱን እንዲሰማ «ማውስኤሪያ» የተባለ፣ በዓይን የማይታይ አካል በውስጡ ይደረግለታል። ታዲያ ማውስኤሪያው የሰማውን ምን ያድርገው?

መልሱ ሲግናል ነው። በአዝራሩ ላይ «ክሊክድ» የሚል ሲግናል እናውጃለን፤ ማውስኤሪያው ያን ከማሰማት በቀር ሌላ አያደርግም። ሲግናል ሲታወጅ ቋንቋው ራሱ «ኦንክሊክድ» የሚል መቀበያ ያዘጋጃል፤ አዝራሩን የሚጠቀም ገጽ ሁሉ የየራሱን ትእዛዝ በዚያ ይጽፋል። የአዝራሩ ድርሻ «ተነካሁ» ማለት ነው፤ መመዝገብም ሆነ መሰረዝ የገጹ ውሳኔ ነው።

ይህ ማለት ግን ጠባዩ ሁሉ ወደ ውጭ ይውጣ ማለት አይደለም። ሲጫኑት ቀለሙ መጥቆሩ የአዝራሩ የራሱ ጉዳይ ስለሆነ በውስጡ ይቀራል።

የዚህ ክፍፍል ጥቅም በኋላም ታየኝ። ኪውት 5.12 «ታፕሃንድለር»ን ሲያቀርብ፣ ማውስኤሪያውን አውጥቼ በእርሱ ተካሁ። የሲግናሉ ስም ስላልተለወጠ ከገጾቹ አንዱንም ማረም አላስፈለገኝም።

ውድ ተማሪዎች፣ ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበት ኮምፖነንት ስትጽፉ ፋይሉን መልሳችሁ አንብቡት። የዳታቤዙን ወይም የሌላ ገጽ ስም በውስጡ ካገኛችሁ፣ ያ ኮምፖነንት ከድርሻው አልፎ እየወሰነ ነው። ውሳኔውን ለገጹ መልሱለት።