የብስክሌት ውድድርና የባዛሩ ትርፍ
(በብቸናና በሞጣ ቡድኖች የጋራ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከምሳ በኋላ የምንወስነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከባዛሩ የተገኘው ትርፍ እንዴት ይከፋፈል? ባሕር ዳር ሄደው በርበሬውን፣ ሽሮውንና ቅቤውን ቆመው የሸጡት አምስቱ እህቶች የተለየ ድርሻ ይገባቸዋል የሚሉ አሉ። እኩል ይከፈል የሚሉም አሉ። እኛ ከብቸና ቡድን ይህን ንግግር እንድናቀርብ የተመረጥነው ሴቶች ነገሩን ስናብላላ የሰነበትነው በብስክሌት ውድድር በኩል ነው። አትሳቁ፤ ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን።

የአንዲት አባላችን ልጅ ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን ውድድር በፍላሽ አምጥቶልን፣ እሑድ እሑድ ከቡና በኋላ እናየዋለን። መጀመሪያ ያየነው አገሩን ለማየት ነበር፦ የሱፍ አበባውን፣ ከብቶቹን፣ መንደሮቹን። ኋላ ግን ሰዎቹ ያዙን። ውድድሩ ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ 21 የውድድር ቀን አለው፤ በድምሩ 3,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ2024 እ.ኤ.አ. 22 ቡድኖች እያንዳንዳቸው ስምንት ሰው ይዘው 176 ሆነው ተነሡ። የየቀኑን ጉዞ ኤታፕ ይሉታል፤ በየቀኑ አንድ አሸናፊ አለ። የሁሉም ቀን ሰዓት ተደምሮ ትንሹን ያመጣው ቢጫ ማሊያ ይለብሳል። በየመድረሻው ቀድሞ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ደግሞ አረንጓዴ ይለብሳል።

ደጋግመን ያየነው ኤታፕ ሦስተኛው ነው። ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ሰኞ ዕለት፣ ጣሊያን ውስጥ ከፒያቼንሳ እስከ ቱሪን 230.8 ኪሎ ሜትር ተጋለበ። ከደጀን እስከ አዲስ አበባ የሚያህል መንገድ ነው፤ እኛ በአውቶቡስ ሄደን እንኳ ወገባችን የሚቆረጥበት። እነሱ ከአምስት ሰዓት በላይ ፔዳል ረገጡ። መድረሻው ሊደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ብዙዎች ተያይዘው ወደቁ፤ ኋላ የነበረው ሁሉ ተገታ። ከፊት ከተረፉት መካከል ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቀኝ በኩል፣ በአጥሩ ጥግ ሾልኮ ወጣና አንደኛ ሆነ። ቱር ደ ፍራንስ ላይ አንድን ቀን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። በዚያው ውድድር ሰኔ 29 እና ሐምሌ 4 ቀን ደግሞ ደገመ፣ ሠለሰ። አረንጓዴውን ማሊያም ኒስ ከተማ ድረስ ይዞ ጨረሰ፤ እሱንም ያደረገ አፍሪካዊ ከዚያ በፊት አልነበረም። ቤቱ ውስጥ እልል ያልነው እኛ ብቻ ሳንሆን ቡና ልትጠጣ የገባች ጎረቤትም ናት።

(ይህ ልጅ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በጣሊያኑ ታላቅ ውድድር አንድ ቀን አሸንፎ መድረክ ላይ ወጣ። የደስታውን መጠጥ ሲከፍት ቡሹ ተፈናጥሮ ዓይኑን መታው፤ በማግስቱ መወዳደር አልቻለም። ያንን ያየች አንዲት እናት ‹‹ጠላ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር!›› ብላለች።)

በሁለተኛው እሑድ ግን ያው ኤታፕ ሲደገም ዓይናችን ከቢንያም ላይ ተነሣ። ያን ሁሉ ሰዓት ከፊት ሆነው ንፋሱን የሚገፉት እነማን ናቸው ብለን መጠየቅ ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብስክሌት ላይ ትልቁ ጠላት ንፋስ ነው። ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ከጉልበቱ ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይቆጥባል። ስለዚህ የቡድኑ ሰዎች ተራ በተራ ፊት እየሆኑ ንፋሱን ይቀበላሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚሮጠው ልጅ ከኋላቸው ተሸሽጎ ጉልበቱን ያስቀምጣል። ውኃ ሲያልቅ አንደኛው ወደ ኋላ ቀርቶ ከቡድኑ መኪና ስድስት ሰባት ኮዳ ይቀበላል፣ በማሊያው ኪስና በጀርባው ይጠቀጥቀዋል፣ እንደገና ታግሎ ፊት ይደርስና ለየሰዉ ያድላል። የዋናው ሰው ጎማ ከተነፈሰ የራሱን ነቅሎ ይሰጣል፤ ብስክሌቱንም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው በፈረንሳይኛ ‹ዶሜስቲክ› ይሉታል። የቤት አገልጋይ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ። ከመካከላችን አዲስ አበባ ሰው ቤት የሠሩ አሉ፤ ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱም አሉ። ቃሉን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም። አንዷ ‹‹ታዲያ እነዚህ አገልጋዮች ሲያሸንፉ ምን ያገኛሉ?›› ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ከባድ ስለነበረ ልጁ አጣርቶ እንዲመጣ ላክነው።

ያመጣው መልስ ይህ ነው። የአንድ ኤታፕ አሸናፊ ሽልማት 11,000 ዩሮ ነው፤ አረንጓዴውን ማሊያ ይዞ የጨረሰ 25,000 ዩሮ፣ የሁሉ አሸናፊ ደግሞ 500,000 ዩሮ ያገኛል። በቆየው ልማዳቸው ግን ይህ ገንዘብ በአሸናፊው ኪስ አይገባም። አንድ ሣጥን ውስጥ ይሰበሰባል፤ ከውድድሩ በኋላ ለጋላቢዎቹ ይከፈላል። ብዙ ጊዜም ጎማ ለሚጠግነው፣ እግራቸውን ለሚያሸው፣ ምግባቸውን ለሚያሰናዳው ይደርሳል። ያሸነፈው ሰው የራሱን ድርሻ ለጓደኞቹ የሚተውበትም ጊዜ ብዙ ነው። መነኮሳት ስለሆኑ አይመስለንም። ነገ ንፋሱን የሚከለክልለት እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ነው።

ሌላም ያየነው አለ። ከመንጋው ተለይተው የሚያመልጡ አራት አምስት ሰዎች ከተለያየ ቡድን የመጡ ባላንጣዎች ናቸው። ቢሆንም ተራ ይገባሉ፦ አንተ አንድ ደቂቃ ፊት፣ እኔ አንድ ደቂቃ። ከኋላ ተንጠላጥሎ ተራውን የማይወጣ ሁሉም ይቆጣዋል። ይህ ወንፈል ነው ሌላ ምንም አይደለም! ባልና ሚስት የተጣሉበት ቤት እንኳ በአጨዳ ጊዜ ወንፈሉን አያፈርስም።

ወደ እኛ ሰው እንምጣ። በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ነው፤ ሰኔ 25 ቀን 2008 ዓ.ም ከሞን ሳን ሚሼል ከተነሡት 198 ሰዎች አንዱ ነበር። በዓለም ትልልቅ ቡድኖች ውስጥ የኖረው በአብዛኛው ሌላውን በማገዝ ሥራ ነው። ስሙ በአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ ብዙም ስለማይገኝ ከመካከላችን ከዚያ በፊት የሰማው አልነበረም። ሩጫ ሲሆን አንደኛ የወጣውን ሁሉ እናውቃለን፤ እንዲህ ያለውን ሰው ግን የምናውቅበት መንገድ አላበጀንም። ሴቶችን በተመለከተ ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በጎዳና ብስክሌት ለኢትዮጵያ ተሰልፋለች። የሴቶቹ ቱር ደ ፍራንስም በ2022 እ.ኤ.አ. በስምንት ኤታፕ እንደገና ተጀምሯል።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በዚያ ውድድር ሰው ሁሉ የሚፈራው ጋሊቢዬ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ከፍታው 2,642 ሜትር ነው። ብቸና ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እነሱ አየር አጥሯቸው አፋቸውን ከፍተው የሚወጡበት ቦታ ላይ እኛ እንሥራ ተሸክመን እንጨዋወታለን። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ እስከ ደጀን መውጣት ቢሆንማ ውድድራቸው፣ የእኛ ልጆች የሚሉት ነገር በኖራቸው ነበር።

አሁን ወደ ባዛሩ። እኩል ይከፈል ከምንለው ወገን ነን፤ ግን የሌላውን ወገን ቃል አንንቅም። መጨረሻ ላይ የሚሮጠው ሰው በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ የሚወድቀው እሱ ነው። አምስቱ እህቶቻችንም ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ልጆቻቸውን ጥለው ሄደዋል፤ ከገዢ ጋር ተከራክረዋል። ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ብስክሌተኞቹ ሽልማቱን እንጂ ደመወዙን አይካፈሉም። ዝነኛው ከዶሜስቲኩ ብዙ እጥፍ ይከፈለዋል። ስለዚህ የፈረንጅ ልማድ ሁሉ ፍትሕ ነው አንልም።

ይሁንና ባዛር ላይ የደረሰው በርበሬ እዚህ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ ነው የሄደው። የወቀጡት እህቶች ስንት ሌሊት እንዳስነጠሱ እናውቃለን። ቅቤውን ያነጠሩት የሞጣ እህቶች ባሕር ዳርን አላዩም። የሁለቱን ተጓዦች ሕፃናት ስታበላና ስታስተኛ የሰነበተችው እህት በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሟ የለም። ደጋፊዎቻችንም ከባዛሩ የምንልክላችሁ ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት አምስቱ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹን እንድታውቁልን ይህን እንናገራለን።

የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከትርፉ በመጀመሪያ የአምስቱ ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ ይነሣ፤ ለእያንዳንዱ የቆሙበት ቀንም አበል ይታሰብላቸው። የቀረው ሕፃናቱን የጠበቀችውን እህት ጨምሮ ሥራ ለሠራች ሁሉ እኩል ይከፈል። በሚቀጥለው ባዛር ደግሞ ሌሎች አምስት ይሂዱ፤ ከእነሱም ሁለቱ ከሞጣ ይሁኑ። የሄዱት በርበሬ ይወቅጣሉ፣ የወቀጡት ይሸጣሉ።

ይህን የምትቃወም እህት ካለች ከምሳ በፊት ለጸሐፊዋ ታስመዝግብ፤ አንደኛ ተናጋሪ ትሆናለች። ከሞጣ የመጣችሁ መኪናችሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚነሣ ድምፅ የምንሰጠው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።