ሞተር በሌለው አይሮፕላን ስለሚደረገው የሩቅ መንገድ እሽቅድምድም



ረፋድ ላይ ፀሐይ የታረሰውን ማሳ ስታሞቀው፥ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ወደ ላይ ሲወጣ ኹላችንም አይተናል። ልጆች ምክንያቱን ቢጠይቋችሁ መልሱ ይህ ነው፤ በመሬት ሙቀት የሞቀው አየር በዙሪያው ካለው አየር ይልቅ ቀላል ስለሚሆን ወደ ላይ ይወጣል፤ አሞራውም በዚያ ውስጥ እየዞረ ከፍ ይላል። ዛሬ የምነግራችሁ እሽቅድምድም በዚሁ ነገር ላይ የቆመ ነው። ዓመታቱን የምናገረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሥራው በይበልጥ የተስፋፋው በጀርመን አገር ነው። ከፊተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ባለሞተር አይሮፕላን እንዳይሠሩ ስላገዳቸው፥ ወጣቶቹ ከ1920 ጀምሮ ቫሰርኩፐ በሚባለው ተራራ ላይ እየተሰበሰቡ ሞተር በሌለው ይወዳደሩ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት በረራው በደቂቃ የሚቈጠር ነበር። በ1929 ክሮንፌልድ የሚባል የኦስትሪያ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ፤ በ1935 ደግሞ አራት ሰዎች በአንድ ቀን ከዚያው ተራራ ተነሥተው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ ብርኖ ከተማ ደረሱ።

የዛሬው ውድድር እንዲህ ነው። ባለሞተር አይሮፕላን በገመድ ስቦ ያወጣቸውና ይለቃቸዋል፤ ተወዳዳሪዎቹም የታዘዙትን ቦታዎች ዞረው ይመለሳሉ፤ ፈጥኖ የተመለሰ ያሸንፋል። ቦታውን መዞራቸው ቀድሞ በፎቶግራፍ ይመሰከር ነበር፤ አሁን ከሳተላይት ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ይመዘግበዋል።

ጭንቁ ያለው በመካከሉ ነው። አብራሪው ደካማ የሚወጣ አየር ያገኛል። በዚያ ቢዞር ከፍታ ያተርፋል፥ ጊዜ ግን ይባክንበታል፤ ጥሎት ቢሄድ ምናልባት የተሻለ ያገኝ ይሆናል፥ ባያገኝ ግን ዝቅ እያለ ሄዶ ከገበሬ ማሳ ላይ ያርፋል፤ የዚያን ቀን ውጤቱም ይወድቃል። ማክሪዲ የሚባል አሜሪካዊ ይህን በሒሳብ አሰበው፤ ወደ ፊት የሚጠብቅህ የሚወጣ አየር ብርቱ ከሆነ በመካከሉ ፈጥነህ ሂድ፥ ደካማ ከሆነ ዝግ በል የሚል ነው። ይህንም በመሣሪያው ዙሪያ በሚዞር ቀለበት ላይ አሳየው፤ በ1956 ፈረንሳይ አገር በተደረገው የዓለም ውድድርም አሸነፈ። ሒሳብ ለምን ይጠቅማል የሚል ተማሪ ያለው መምህር ይህን ይንገረው።

አደጋም አለበት። በ1948 በስዊስ አገር በሳሜዳን በተደረገው የዓለም ውድድር ኹለት እንግሊዛውያን ሞቱ፤ አንደኛው የሞተው በአየር ላይ ከተዘረጋ የብረት ገመድ ጋር ተጋጭቶ ነው። ብዙዎች በአንድ የሚወጣ አየር ሲሰበሰቡም እንዳይጋጩ፥ ኋላ የመጣው ሁሉ ቀድሞ የገባው በዞረበት አቅጣጫ ይዞራል።

ለእኔ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። የሚወጣው አየር በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ቀድሞ ያገኘው ሰው እየዞረ ከፍ ሲል፥ ሳይወድ ቦታውን ለተፎካካሪዎቹ ያመለክታቸዋል፤ እነርሱም ከሩቅ አይተውት ይመጣሉ። አንዳንዱ ብልህ ይህን ዐውቆ ሌሎች እስኪነሡ በመነሻው መሥመር አጠገብ ይቈያል፤ ነገር ግን እጅግ ከዘገየ ፀሐይ ታዘቀዝቅበታለች፥ መሬቱም ይቀዘቅዛል፤ ቀድመውት የሄዱት ሲመለሱ እርሱ ከአንዱ ማሳ ዳር ተቀምጦ መኪና የሚልኩለትን ባልንጀሮቹን ይጠብቃል።