ፎቶግራፎቻችንን በኮምፒውተር ስለ መያዝና ስለ ማስተካከል
(በዩኒየናችን 20ኛ ዓመት የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ፎቶግራፍ አያያዛችን አጭር ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ አመንትቼ ነበር። ስለ መኖ ዋጋና ስለ ወተት ገበያ መወያየት በሚገባን ቀን ስለ ፎቶ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የገጠመኝን ከሰማችሁ በኋላ እናንተው ፍረዱ።

ከመሥራች አባሎቻችን አንዱ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው አባት፣ ባረፉ ማግስት ልጃቸው ቤቴል ወደሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን መጣ። ለለቅሶው ድንኳን የሚሆን ትልቅ ፎቶ ፈልጎ ነው። ቤታቸው ያለው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነበር። «በምስረታው ጉባኤ ቆመው ሲናገሩ የተነሱት እናንተ ጋ አለ ይባላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

ፎቶውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። «ኒው ፎልደር» ውስጥ «ኒው ፎልደር 2» አለ፤ እሱ ውስጥ ደግሞ «የዋና ሥራ አስኪያጅ ፍላሽ» የሚል አለ። በመጨረሻ አገኘነውና ዓለም ባንክ ወዳለ ፎቶ ቤት ይዘን ሄድን። ባለሙያው ሲያሰፋው የአባታችን ፊት በአራት ማዕዘን ነጠብጣቦች ተሞላ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ኢንተርኔት በስልክ መስመር በነበረበት ዘመን ፎቶውን በኢሜል ላኩ ተብለን ነበር። እንዲያልፍልኝ ብዬ አሳነስኩት፤ «ሴቭ አዝ» ብዬ በሌላ ስም ማስቀመጥ ሲገባኝ «ሴቭ» አልኩ። ዋናው ፎቶ በትንሹ ተተካ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም ላይ አላላክክም።

የጉዳቱን መጠን በቁጥር ላሳያችሁ። ካሜራችን 3.2 ሜጋፒክሰል ስለነበር አንድ ፎቶ 2048 በ1536 ነጥቦች ነበሩት። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል ብለን ብናሰላ 17 በ13 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ የመጽሔት ግማሽ ገጽ ማለት ነው። እኔ ያስቀረሁት 640 በ480 ግን 5 በ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ከጉርድ ፎቶ እምብዛም አይበልጥም።

አንድ ወጣት ሊረዳን ፈልጎ በስልኩ ላይ ባለ ፎቶ በሚያጠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሞከረው። የጠራ፣ ቆዳው የለሰለሰ ፊት ወጣ። ልጃቸው ትክ ብሎ አየና «ይሄ አባቴ አይደለም» አለ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የጠፋውን ነጥብ መልሶ አያገኝም፤ ከሌሎች ብዙ ፊቶች የተማረውን ገምቶ ይሞላል። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው በመጨረሻ የመታወቂያው ፎቶ ነው።

ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ለዘር የተመረጠውን በቆሎ ከሚበላው ለይተን ከምድጃ በላይ እንደምንሰቅለው ሁሉ፣ ከካሜራ የወጣው ፎቶ «ዋናው» በሚል ፎልደር ይቀመጥና አይነካ። መቁረጥ፣ ማብራት፣ ማሳነስ የሚፈልግ ሰው ኮፒ አድርጎ «የሥራ» በሚል ሌላ ፎልደር ውስጥ እንዳሻው ያድርግ። በ1992 እ.ኤ.አ. ደረጃው የወጣለትና አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚጠቀሙበት ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት፣ ተከፍቶ ቢታይ ምንም አይሆንም፤ ተስተካክሎ በላዩ ላይ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ግን ጥቂት ጥራት ይጥላል። ዛሬም ያው ስህተት በቴሌግራም ቀጥሏል። ፎቶ በ«ፎቶ» መልክ ሲላክ ይጨመቃል፤ በ«ፋይል» መልክ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ከየማኅበራቱ ፎቶ የምትልኩልን ሁሉ በፋይል ላኩልን።

ማስተካከልን በተመለከተ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልገንም። ኢርፋንቪውና ጊምፕ በነፃ የሚገኙ ናቸው። የዘመመውን ማቅናት፣ የጨለመውን ማብራት ይበቃል። መቁረጥ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ አመራሮቻችን አይቀየሙኝ። በዚህ ቤት ፎቶ ሲቆረጥ ሁልጊዜ ንግግር አድራጊው መሀል ይገባል፤ ከዳር የቆሙት ይወጣሉ። በአንድ የቀድሞ እትማችን ላይ የወተት ጣሳ ተሸክመው ከዳር የቆሙ እናቶች ቀርተው ሪባን ቆራጩ ብቻ ታትሟል። ያን ቀን ወተቱን ያመጡት እነሱ ነበሩ። ደግነቱ ዋናው ፎቶ ስላልተነካ በዚህ እትም ተመልሰው ገብተዋል።

ወደ ቀን ጉዳይ ልለፍ። ካሜራ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ቀንና ሰዓት ይጽፋል፤ የሚጽፈው ግን የተሞላለትን ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 3:00 ብሎ የሞላ ሰው፣ በካሜራው አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት አደረገው ማለት ነው። በኮምፒውተራችን መሠረት ጠቅላላ ጉባኤያችን የተካሄደው ውድቅት ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ካሜራው ፋብሪካው ወደ ሰጠው ቀን ይመለሳል። ዓመቱም በፈረንጆቹ ስለሆነ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ 8 ዓመት ይለያል። በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ብለን ያስቀመጥነው ሁለት ዓመት ሆኖ ተገኝቷል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎልደሩን በእኛው ቀን ዓመቱን አስቀድሞ በቁጥር መሰየም፤ ለምሳሌ «1997-06-12 ጠቅላላ ጉባኤ»። ወሩ ከ01 እስከ 13 በሁለት አኃዝ ይጻፍ፤ ጳጉሜን 13 ነው። የወሩን ስም በፊደል ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ በሀለሐመ ተራ ስለሚደረድረው ሐምሌ ከመስከረም ቀድሞ ይቀመጣል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የወረቀት ፎቶ ጀርባ አለው፤ እናቶቻችን በእስክሪብቶ ስምና ቀን ይጽፉበት ነበር። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የከተማችንን ነዋሪዎች የድሮ ፎቶዎች የሰበሰቡ ወጣቶች በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ የሚያምረው ፎቶው ከባለቤቱ ታሪክ ጋር ሲገኝ ነው። የእኛ ፋይል ግን ጀርባ የለውም። እኛ ፒካሳ በተባለው ፕሮግራም የአባላትን ፊት እየለየን ስም ስንሞላ ወራት ፈጅተናል። ጉግል በ2004 እ.ኤ.አ. የገዛው ይህ ፕሮግራም በ2016 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። ስሞቹ ፎቶው ውስጥ ሳይሆን በተለየ ፋይል ተቀምጠው ስለነበር፣ ኮምፒውተር ስንቀይር ፎቶው መጣ፣ ስሙ ቀረ። አሁን በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ ማንኛውም ኮምፒውተር የሚከፍተው ተራ የጽሑፍ ፋይል አስገብተን «ከግራ ወደ ቀኝ» እያልን እንጽፋለን። በወረቀትም አትመን በመዝገብ ቤት እናስቀምጣለን።

ስለ መጠባበቂያ ኮፒ አላረዝምም። አንዱ በቢሮው ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከዚህ ሕንፃ ውጭ ይሁን። ፍላሽ በቫይረስ ተመትቶ ፎልደሮቹ ሁሉ «ሾርትከት» ቢሆኑ ፎርማት አታድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከምሳ በኋላ በአዳራሹ መግቢያ አንድ ኮምፒውተር ተዘጋጅቷል። ስማቸውን ያላወቅናቸው ሰዎች ያሉባቸውን የምስረታ ዘመን ፎቶዎች እናሳያለን። ሽማግሌዎችና እናቶች ሳትቸኩሉ ቁጭ ብላችሁ እንድትነግሩን እንለምናለን። በተለይ በመጀመሪያው ጉባኤ ፎቶ ላይ ከፊት ረድፍ ከግራ ሦስተኛዋ፣ ነጠላ ያጣፉት እናት፣ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ካለ ሳይነግረን እንዳይሄድ።