የሠራተኛው ቁጣ የማን መነገጃ ሆነ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው የፈረንሳይን ጉዳይ ነው። አገሩ ሩቅ ቢሆንም ትምህርቱ ቅርብ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜን ፈረንሳይ ሄናን ቦሞን የምትባል ከተማ አለች። ሕዝቧ ለትውልዶች የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር፣ ድምፁንም ለግራ ፓርቲዎች ሲሰጥ ኖሯል። ከዚያ የከሰል ጉድጓዶቹ ተዘጉ፤ ሥራ ጠፋ። ሠራተኛው «ለእኔስ ማን አለኝ?» ሲል የድሮ ወዳጆቹ መልስ አጡ። በ1981 የፕሬዚዳንት ምርጫ 15 ከመቶ ድምፅ ያገኘው ኮሙኒስት ፓርቲ በ2002 ከ4 ከመቶ በታች ወረደ። ክፍተቱን ያየው ቀኝ አክራሪው ናሽናል ፍሮንት በ2014 የከተማዋን አስተዳደር ያዘ።

ይህ ፓርቲ ለሠራተኛው ስለ ጡረታና ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። ወዲያውም ጣቱን ወደ ስደተኛውና ወደ ሙስሊሙ ይቀስራል። ለመሆኑ ጉድጓዶቹን የዘጋችው ሒጃብ የለበሰች እህታችን ናት?

ሌሎቹስ ምን አደረጉ? ሳርኮዚ በ2007 የኢሚግሬሽንና የብሔራዊ ማንነት ሚኒስቴር አቋቁማለሁ ብለው ቀሰቀሱ። ለጊዜው ያዋጣ መሰለ፤ ዣን ማሪ ሌ ፔን ወደ 10 ከመቶ ወረዱ። ነገር ግን ወሬው ከትልቅ ሰው አፍ ሲወጣ ነውርነቱ ቀረ። በ2012 ልጃቸው ማሪን ሌ ፔን ወደ 18 ከመቶ ወጡ። በ2022 ሒጃብን ከአደባባይ አግዳለሁ ብለው ተወዳድረው በሁለተኛው ዙር ከ41 ከመቶ በላይ አገኙ።

ሙስሊሙም እኮ ሠራተኛ ነው! ሾፌር ነው፣ ጽዳት ሠራተኛ ነው፣ ግንበኛ ነው። ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩበት በሴን ሳን ደኒ ሜላንሾን በ2022 የመጀመሪያ ዙር የዋጋ ንረትንም የሙስሊም ጥላቻንም አንድ ላይ አንስተው ግማሽ ያህሉን ድምፅ አገኙ።

ወገኖች! ከዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። የድሃ ጎረቤታችንን ብሶት አንናቅ፤ እኛ ያላዳመጥነውን ሌላው ይነግድበታል። ድምፃችንን ለፈገግታ ሳይሆን ለተቆረጠ ጥያቄ እንስጥ። ከምርጫ በኋላም ቃሉን የበላውን ተደራጅተን በሰላም እንጠይቅ።

አላህ ከበደልም፣ ከመበደልም ይጠብቀን። አሚን።