ዛቻና ማሳደድ ሽብር ይባሉን?



እንድናገርበት የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነው። በኮምፒዩተር ጨዋታ ተጫዋቾች መካከል በኢንተርኔት አማካይነት የሚፈጸመው ዛቻ፣ ማዋከብና ማሳደድ ሽብርተኝነት ተብሎ ሊጠራ ይገባዋልን? ጥያቄውን ሰምቶ ፈገግ የሚል ባልደረባ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ጨዋታ የሚለው ቃል በቋንቋችን ወግንም፣ ቀልድንም፣ የልጆችን ሩጫም የሚያጠቃልል የዋህ ቃል ስለሆነ፣ በጨዋታ መካከል የተወረወረ ነገር እንዴት እስከ ወንጀል ችሎት ይደርሳል ማለት አይከብድም። ስለዚህ ከስያሜው በፊት ድርጊቱን ማየት ይቀድማል። የማነሣቸው ጉዳዮች በአብዛኛው የአሜሪካ ናቸው፤ ነገሩ ጎልቶ የወጣውም፣ ክርክሩ የተፋፋመውም እዚያ ነውና። የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጅ፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በኦገስት 2014 ዞዊ ክዊን በተባሉ የጨዋታ ደራሲ ላይ የቀድሞ ወዳጃቸው ስለ ግል ሕይወታቸው ረጅም ጽሑፍ በኢንተርኔት አወጣባቸው። ከዚያ ጽሑፍ በመነሣት፣ ክዊን ለሥራቸው ምስጋና እንዲጻፍላቸው ሲሉ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ተወዳጅተዋል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ጋዜጠኛው ስለዚያ ጨዋታ አንድም ግምገማ እንዳልጻፈ ቢታወቅም ወሬው አልቆመም። «ጌመርጌት» የተባለው ዘመቻ የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው። ዘማቾቹ የተነሣነው የጋዜጠኝነትን ሥነ ምግባር ለማስከበር ነው ይበሉ እንጂ፣ በዘመቻው ስም የሴቶች የቤት አድራሻና የስልክ ቁጥር ለአደባባይ ወጣ፤ በመድፈርና በመግደል ተዛተ። ክዊንም፣ ብሪያና ዉ የተባሉት ሌላ የጨዋታ ሠሪም ቤታቸውን ጥለው ለመውጣት ተገደዱ።

አኒታ ሳርኪዥያን ደግሞ ሴቶች በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ እንዴት እንደሚሣሉ የሚተቹ ተከታታይ ፊልሞች ያዘጋጁ ሴት ናቸው። በ2012 አንድ ሰው ፎቶግራፋቸውን በተጫኑት ቁጥር ፊታቸው እየበለዘ የሚሄድበት ጨዋታ ሠርቶ አሰራጭቶባቸው ነበር። በኦክቶበር 14 ቀን 2014፣ በማግሥቱ በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሊያደርጉ ሳለ፣ ንግግሩ ካልተሰረዘ የጅምላ ግድያ እንደሚፈጸም የሚገልጽ የኢሜይል ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ደረሰ። ጸሐፊው በ1989 በሞንትሪያል የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት 14 ሴቶችን የገደለውን ሰው በአርአያነት ጠቅሷል። ሳርኪዥያን ወደ አዳራሹ መሣሪያ ይዞ የሚገባ ሰው እንዳይኖር ጠየቁ። ይሁንና የዩታ ሕግ ፈቃድ ያለው ሰው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሽጉጥ እንዲይዝ ስለሚፈቅድ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ ንግግሩም ቀረ።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰው ሕይወት የጠፋበት ነው። በሌላ ሰው ቤት ግድያ ወይም እገታ እየተፈጸመ ነው ብሎ ለፖሊስ በሐሰት በመደወል የታጠቀ ኃይል እንዲላክበት ማድረግ በተጫዋቾቹ ዘንድ «ስዋቲንግ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው ስዋት ከሚባለው የአሜሪካ ፖሊስ ልዩ ጓድ ነው። በዲሴምበር 2017 ሁለት ወጣቶች «ኮል ኦፍ ዱዩቲ» በተባለው ጨዋታ በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ውርርድ ተጣሉ። አንደኛው በዚህ የሐሰት ጥሪ ሥራ የታወቀ፣ ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው እንዲደውልለት ጠየቀ፤ ሁለተኛውም አልፈራም ብሎ ለመፎከር ቀድሞ ይኖርበት የነበረውን፣ በካንሳስ ክፍለ ግዛት የዊቺታ ከተማ የሚገኘውን ቤት አድራሻ ሰጠ። ደዋዩ አባቱን በጥይት እንደመታና የቀረውን ቤተሰብ እንዳገተ ለፖሊስ ተናገረ። በዚያ ቤት ይኖር የነበረው የ28 ዓመት ሰው በጨዋታውም ሆነ በጠቡ እጁ የለበትም። በሩን ከፍቶ ብቅ እንዳለ ግን ከፖሊሶቹ አንዱ ተኩሶ ገደለው። ተኳሹ አልተከሰሰም። ደዋዩ በማርች 2019 በፌዴራል ፍርድ ቤት የ20 ዓመት እሥራት ተፈረደበት።

እነዚህን ጉዳዮች የሰማ ሰው «ይህ ሽብር ካልተባለ ምን ሊባል ነው?» ቢል አይፈረድበትም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2004 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1566፣ ሕዝብን በፍርሃት ለማራድ ወይም መንግሥትን ለማስገደድ፣ ሰው ለመግደል ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ለማድረስ ታስቦ የሚፈጸመውን ወንጀል በጽኑ አውግዟል። የአሜሪካም ሕግ በ2001 ባስገባው ትርጓሜ ለሰው ሕይወት አደገኛ መሆንንና ሲቪል ሕዝብን የማስፈራራት ወይም የማስገደድ ዓላማን አንድ ላይ ይጠይቃል። የዩታው ደብዳቤ ስለ አንዲት ሴት የተጻፈ ይምሰል እንጂ፣ መልእክቱ የእርሳቸውን ሐሳብ ልናገር ለምትል ሴት ሁሉ ነው። የሞንትሪያሉን ገዳይ መጥቀሱም ለዚሁ ነው። ከዓላማው አንጻር ይህ ደብዳቤ ወደ ሽብር እጅግ የቀረበ መሆኑን እኔም አምናለሁ።

የዊቺታው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። በዚያ የሚገደድ ሕዝብ፣ የሚራመድ ዓላማ፣ የሚለወጥ የመንግሥት አቋም አልነበረም፤ የነበረው የብር ጠብና ክፋት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው። ደም ያልፈሰሰበት ድርጊት ለሽብር ትርጓሜ ሲቀርብ፣ ሰው የሞተበት ከትርጓሜው ይርቃል። ስለዚህ «ሽብር» የሚለውን ስም የክብደት መለኪያ አድርገን የምንጠቀምበት ከሆነ፣ ሚዛኑ ሟቹን አቅልሎ ያሳየናል። ብዙዎች ስያሜውን የሚፈልጉት የተጎጂው ሥቃይ ክብር እንዲያገኝ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን በሕግ ሽብር የሚለካው በተጎጂው ፍርሃት ሳይሆን በአድራጊው ዓላማ ነው።

ለእኛ ደግሞ ይህ ቃል እንግዳ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «ነጭ ሽብር»፣ «ቀይ ሽብር» ሲባል የሰማ ትውልድ፣ ቃሉ መንግሥት በግልጽ ያወጀው ግድያ ስም ሆኖ ማየቱን አይረሳም። ከዚያም የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 መጣ። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 6 መሠረት፣ ሽብርተኝነትን እንደሚያበረታታ ሊታይ የሚችል ጽሑፍ ማሳተም ብቻውን ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» በተባለው ስም በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩ ስድስት ወጣቶችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በዚሁ አዋጅም ተከሰሱ። ከክሱ ዝርዝር መካከል የኢንተርኔት ግንኙነትን ምስጢር ስለ መጠበቅ ሥልጠና ወስደዋል የሚል ይገኝ ነበር። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ሲፈቱ፣ በእሥር የቀሩት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ ወጡ። አዋጁም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሻረ። ዛሬ በአሳዳጆች የምትሠቃይ ሴት መሸሸጊያዋ ያንኑ የግንኙነት ምስጢር መጠበቅ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሰፊ ትርጓሜ ያለው የሽብር ሕግ በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

ለመሆኑ ስያሜው ባለመኖሩ የቀረ ነገር አለን? የዊቺታው ደዋይ የተቀጣው በሐሰት ጥሪ፣ በዛቻና በኮምፒዩተር በማሳደድ ወንጀሎች ነው። እርግጥ ነው፣ የሐሰት ጥሪውን የሚመለከተው ድንጋጌ በ2004 ሲወጣ የሽብርና የወታደራዊ ጉዳይ የሐሰት ወሬን ለማስቆም ታስቦ ነበር፤ ለተቃራኒው ወገን ይህን እውነት መደበቅ አልፈልግም። ሆኖም ዐቃቤ ሕጉ ሽብርተኝነትን ማስረዳት አላስፈለገውም። ሐሰት መሆኑን፣ አውቆ ማድረጉንና ሞት መከተሉን ማስረዳት በቂ ሆነ። በጌመርጌት በኩል ግን የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ በ2017 ይፋ ያደረገው መዝገብ እንደሚያሳየው ምርመራው ያለ ክስ ተዘጋ። ዛቻን በክፍላተ ግዛት መካከል ማስተላለፍ ከጥንት ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ነበር፤ የጠፋው ሕጉ ሳይሆን የሚሠራበት ሰው ነበር። የማሳቹሴትስ እንደራሴ ካትሪን ክላርክ ጉዳዩን አጥብቀው ይዘው፣ በኖቬምበር 2015 የስዋቲንግን ጥሪ የሚቀጣ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። በጃንዋሪ 31 ቀን 2016 ሌሊት የሐሰት ጥሪ የደረሳቸው ፖሊሶች ጦር መሣሪያቸውን ይዘው የእንደራሴዋን ቤት ከበቡት።

እኔን በእውነት የሚያሳስበኝ ችግር ከስያሜው ይልቅ የብዛት ጉዳይ ነው። የማሳደድ ወንጀል በብዙ አገሮች ሕግ አንድ ሰው ደጋግሞ የሚፈጽመው ድርጊት ነው። የእኛም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ዛቻን ከቀጣ በኋላ፣ መልእክት በመላክ ወይም በተደጋጋሚ በማሰራጨት በሌላ ሰው ላይ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ማሳደርን ይቀጣል። አንድ ሺህ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ መልእክት ቢልኩስ? ተቀባይዋ አንድ ሺህ ጊዜ ተዋክባለች፤ ከላኪዎቹ ግን ደጋግሞ አዋከበ የሚባል አንድም አይገኝም። እያንዳንዱ ቢጠየቅ ቀልድ ነበር ይላል፤ የአንዳንዶቹም መልእክት ለብቻው ሲታይ ስድብ እንጂ ዛቻ አይደለም። ሽብር የሚለውን ስም የሚሹት ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ የሚኖራቸው እዚህ ላይ ነው። የሽብር ሕግ የቡድንን ሥራ እንደ ቡድን ሊያይ ይችላልና።

ይሁንና ሕዝቡን ሁሉ አሸባሪ ከማለት ይልቅ በሩን የከፈተውን መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ሺህ ሰው አንዲት ሴት በር ላይ የሚደርሰው አድራሻዋን ያወጣ ሰው ስላለ ነው። ኔዘርላንድ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ሌላውን ለማስፈራራት፣ በብርቱ ለማወክ ወይም በሥራው ለማሰናከል በማሰብ የሰውን የግል መረጃ ማግኘትንና ማሰራጨትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋለች። እንዲህ ያለ አንቀጽ በአገራችን ቢረቀቅ «ለማስፈራራት በማሰብ» የሚለው ሐረግ እንዳይወጣ አጥብቄ እከራከራለሁ። ያለ እርሱ የባለሥልጣንን ቪላ ባለቤት ስም የሚያወጣው ጋዜጠኛ የመጀመሪያው ተከሳሽ ይሆናል። «በሥራው ለማሰናከል» የሚለውን ግን እንዳለ አልቀበለውም። የመንግሥት ሠራተኛን በስሙ እየጠሩ በደልን ማጋለጥ በሥራ ማሰናከል ነው የሚል ዐቃቤ ሕግ አይጠፋምና፣ ይህኛው ሐረግ ቢያንስ በግለሰቦች ላይ ብቻ እንዲወሰን በጽሑፍ ያዘጋጀሁትን አማራጭ ከዚህ ንግግር በኋላ ለውይይት አቀርባለሁ።