ወላጅ ወይም አሳዳጊ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አባትነት ጥቂት ቃል እንድናሰማ ታዘናል። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስለጨረስን የምናውቀው ቅጽ መሙላት ነው። በትምህርት ቤት ቅጽ ግርጌ አንዲት መስመር አለች፤ «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» ትላለች። ንግግራችን ስለዚያች መስመር ነው።

በመካከላችን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አለ። እኛ ካቶሊኮች ነን። ሆኖም ስብከት አናደርግም፤ ስለ አንድ አናጢ እናወራለን እንጂ። እሱም ቅዱስ ዮሴፍ ነው። ወንድሞቹ ሸጠውት ግብጽ የወረደው የጥንቱ ዮሴፍ አይደለም፤ የጌታችን አሳዳጊ የነበረው የናዝሬቱ ዮሴፍ ነው። ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን በወርኃ ጽጌ ስደቱን ሲያስቡ ያውቁታል።

ይህ ሰው በወንጌል አንዲት ቃል ሲናገር አልተጻፈለትም። የተጻፈለት ሥራው ነው። ልጁ ከአብራኩ አልወጣም፤ ስሙን ግን እሱ አወጣለት። ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱት ያቀረቡት የድኻውን መባ፣ ሁለት ወፍ ነበር። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ ዮሴፍ ይንጋልኝ ሳይል በሌሊት ተነሥቶ፣ እናትና ልጁን ይዞ ግብጽ ወረደ። ልጁ በ12 ዓመቱ ኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜም ከእናቱ ጋራ እየተጨነቀ ፈለገው፤ ያገኙትም በሦስተኛው ቀን ነው። የአገሩም ሰው ልጁን «የአናጢው ልጅ» እያለ ይጠራው ነበር።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ እ.ኤ.አ. በ1870 ዮሴፍን የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ብለው ሰየሙት። በ2025 ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2020 ስለ እሱ በጻፉት መልእክት፣ ሰው አባት የሚሆነው ልጅ ስለወለደ ብቻ ሳይሆን የልጁን ኃላፊነት ሲቀበል መሆኑን አስተምረዋል።

ለእድር ሰው የሚቀርበው ግን ሌላው ነገር ነው። በካቶሊክ ትውፊት ዮሴፍ ያረፈው ኢየሱስና ማርያም አጠገቡ ሳሉ ነው ስለሚባል፣ የመልካም ሞት ጠባቂ ይባላል። ለእኛ ለእድርተኞች መልካም ሞት ማለት ድንኳኑም ቀባሪውም ሳይጎድል መቀበር ይመስለናል። የሚሞት ሰው ግን ድንኳኑን አያስብም፤ «ልጆቼን ማን ያይልኛል?» ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን ዐረፉ። ቃሬዛ ተሸከምን፣ ድንኳን ተከልን፣ ንፍሮ ቀምሰን አስተዛዘንን፤ የእድሩም ገንዘብ ሳይጓደል ለባለቤታቸው ተሰጠ። ከሠልስቱ በኋላ ድንኳኑን አጣጥፈን ወደየቤታችን ገባን። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ የ13 ዓመት ልጃቸው ወረቀት ይዞ በራችንን አንኳኳ።

«አባባ፣ ይፈርሙልኝ፤ እናቴ ሥራ ውላ ማታ ነው የምትገባው» አለን።

እኛም የቢሮ ልማድ ይዞን፣ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው የሚፈርመው፤ እኛ ምንህ ነን?» ብለን መለስነው። ደንቡን አወቅን፤ ልጁን አላወቅንም። በኋላ እንደሰማነው ዓመቱን ሳይጨርስ ትምህርቱን ትቶ ታክሲ ላይ ረዳት ሆነ።

ዘግይተንም ቢሆን ሄደን እናቱን ይቅርታ ጠየቅን። በተከተለው መስከረም ልጁን አስመዝግበን በዚያች መስመር ላይ ፈረምን። ቂሙ ጨርሶ አለቀ አንልም፤ አንዳንዴ ሰላምታችንን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመልሰው። ካርዱን ግን ያሳየናል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አባል ሞቶ ልጅ በቀረበት ቤት ሁሉ፣ እናቲቱ ከፈቀደች፣ ከጎረቤት አንድ ሰው በስም ይመደብ። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ይሂድ፤ ልጁ ሲያመሽ ወጥቶ ይፈልገው። ለዚህ መዋጮ አይጨመርም። ሰው ሲሳደብ «አሳዳጊ የበደለው» ይላል። አባቱን ቀብረን የተውነው ልጅ እንዲህ ሲሰደብ፣ ስድቡ የእኛ ነው።

መዝገቡን ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል፤ ስማችንንም በመጀመሪያው መስመር ጽፈናል። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።